እንቁላሉ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ልጁ ይብላ

  

ዛሬ የማወራው ስለ ዶሮ ነው። "ዶሮ" የሚለውን ቃል ሲያዩ ብዙ አባወራዎች በጣታቸው ገፋ አድርገው እንደሚያልፉት አውቃለሁ። ስለ በሬ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር ሲሆን ነው ቆም ተብሎ የሚነበበው። ዶሮ የሴት ጉዳይ ነው፣ የልጅ ጉዳይ ነው ይባላል። እስቲ ዛሬ ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። የምጽፈው ስለ ዶሮ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልጆቻችሁ አካልና አእምሮ ጭምር ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ገበሬ ቤት ቢያንስ 5 ዶሮ ይኑር። እንቁላሉ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይበላ፣ የተረፈው ይሸጥ። አሁን የምናየው ተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ ይሸጣል፣ የተረፈ ካለ ይበላል። የሚተርፍ ደግሞ የለም።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል። እኛ ዘንድ ግን እንቁላል የሚሄደው ወደ ገበያ ነው። እናት ከመጣያው እያነሳች ጤፍ ወይም ገብስ ውስጥ ታስቀምጣለች። የገበያ ቀን ሲደርስ ጭድ አድርጋ በቅርጫት ይዛ ትወጣለች። በተሸጠው ጨው፣ ሳሙና፣ ቡና፣ ዘይት ይገዛል። ለትንሹ ልጅ ደግሞ "ከገበያ ምን አመጣሽልኝ?" ሲል አፉን የምታስይዝበት ብስኩት ወይም ከረሜላ ትገዛለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጁን የሚያሳድገው እንቁላል ወጣ፣ በምትኩ ዱቄትና ስኳር ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

እናቶችን እየወቀስኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በብዙ ቤት እህሉና ከብቱ ሲሸጥ ገንዘቡ በአባወራው እጅ ነው የሚገባው። እናት ማንንም ሳትጠይቅ የምታዝበት ገንዘብ የእንቁላሉ ብቻ ነው። ስለዚህ "እንቁላል መሸጥ አቁሙ" ብል ያቺን ትንሽ ገንዘብ ከእጇ መንጠቄ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይቀየር ነው። የልጁ ድርሻ ይነሳና ከዚያ ገበያ ይወጣ። የዶሮዎቹ ቁጥር ከፍ ሲልና በወጉ ሲያዙ ደግሞ ለሁለቱም ይበቃል።

ለምን ይህን ያህል አጠብቀዋለሁ?

መቀንጨር የሚለውን ቃል ከጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ሰምታችሁታል። አንድ ልጅ በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ምክንያት ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ ሲቀር ነው። "አባቱም አጭር ነው፣ በዘር ነው" ብለን እናልፈዋለን። ጉዳቱ ግን ቁመት ላይ አይቆምም፤ አእምሮው በሚገነባበት ጊዜ የሚፈልገውን ስላላገኘ ትምህርት ይከብደዋል፣ በሽታ ቶሎ ይጥለዋል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። የበቆሎ ማሳ በማዳበሪያ ጊዜው ማዳበሪያ ሳያገኝ ቀርቶ አበባ ካወጣ በኋላ ቢጨመርለት ምን ይጠቅመዋል? እንደዚያ በሉት።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ቀደም ብሎ በ2016 በተደረገው ደግሞ በአማራ ክልል ከ100 ሕፃናት 46ቱ፣ በአዲስ አበባ 15ቱ ነበሩ። ይኼ ነገር ያሳስባል። ጤፉ፣ ስንዴው፣ በቆሎው፣ ባቄላው የሚመረተው ገጠር ነው፤ የሚቀነጭረውም በብዛት የገጠሩ ልጅ ነው። ችግሩ የእህል ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ልጁ ጠዋት እንጀራ በሽሮ፣ ማታም እንጀራ በሽሮ ከሆነ ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ የሚሠራበትን ሁሉ አያገኝም። ሽሮ ጥሩ ምግብ ነው፤ ብቻውን ግን ለሕፃን አይበቃም።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ እስከ 2022 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ነው ቃል የገባው። የሌማት ትሩፋትም በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ሌማታችን ላይ እንዲገኝ ነው። ስሙ ራሱ ሌማት ይላል። ግን የሪፖርት ቅጾቻችንን ብታዩ "ስንት ጫጩት ተሠራጨ? ስንት አባወራ ተጠቃሚ ሆነ?" ነው የሚሉት። "በዚህ ቤት ያለው የአንድ ዓመት ልጅ በዚህ ሳምንት ስንት እንቁላል በላ?" የሚል ሣጥን አላየሁም። ሌማቱ ላይ መድረሱን የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ።

አንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፤ የሀበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል ትንሽ ይቀንሳል። ቫይታሚን ኤ አለው፣ ከእህል የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 አለው፣ ለአእምሮ ግንባታ የሚያስፈልገው ኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል የመሰለ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በየቀኑ እንዲያገኝ ይመክራል። ሥጋ በየቀኑ ከየት ይመጣል? ዓሣስ? በጓሯችን ልናገኘው የምንችለው እንቁላልን ነው።

ኢኳዶር በምትባል የደቡብ አሜሪካ አገር ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ለ6 ወር በቀን አንድ እንቁላል እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ መቀንጨር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ደስ ይላል። ግን ሙሉውን ልንገራችሁ፤ ማላዊ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ በቁመት በኩል ያን ያህል ለውጥ አልታየም። እዚያ ያሉት ሕፃናት ብዙዎቹ አስቀድሞም ዓሣ ይበሉ ነበር። ስለዚህ እንቁላል ተአምር አይደለም። የጡት ወተት፣ ንጹሕ ውኃ፣ እጅ መታጠብ፣ ጎመንና ካሮት አብረው ይፈለጋሉ። የእኛ ልጅ ግን ዓሣም ሥጋም ስለማያገኝ ጉድለቱ ሰፊ ነው፤ እንቁላሉ ይጠቅመዋል የምለውም ለዚህ ነው።

"ዶሮ አልወድም" ለምትሉት

ማመንታታችሁ መሠረት አለው። አንድ አባት "ልጄ፣ ዶሮ አርብተህ ከምታገኘው ይልቅ ዶሮ የምታጠፋብህ ይበልጣል" ብለውኛል። እውነት አላቸው። የተሰጣ እህል ትበትናለች፣ የተተከለ ጎመን ትጭራለች፣ ጭልፊትና ሽለምጥማጥ ይወስዷታል። ይባስ ብሎ ፈንግል ሲገባ አንድ ሰፈር ሙሉ ዶሮ በጥቂት ቀን ያልቃል። አንዴ 20 ጫጩት ገዝቶ የቀበረ ሰው ዳግመኛ ስለ ዶሮ መስማት ባይፈልግ አልፈርድበትም።

ለዚህ ነው በ20 ጀምሩ የማልለው። በ5 ጀምሩ። አምስት ዶሮ የቤት ፍርፋሪና ትንሽ እህል ያኖራታል፣ ማደሪያዋም ብዙ ወጪ የለውም፣ ብትሞትም ቤት አያፈርስም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። 5 ዶሮ በአማካይ 250 ይጥላል፤ በሳምንት 5 ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ለመታቀፊያ የሚቀመጥ አለ። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ሕፃን በሳምንት 3 ወይም 4 እንቁላል ይገኛል። የተሻሻለ ዝርያ፣ ለምሳሌ ሳሶ ወይም ቦቫንስ ብራውን፣ ከያዛችሁና መኖ ከሰጣችሁ ደግሞ አንዷ በሳምንት 3 ትጥላለች ብለን ዝቅ አድርገን ብንይዝ 5ቱ 15 ይሆናሉ። ለሁለት ልጆች 4፣ 4 ስጡ፤ 8 ሆነ። ለእርጉዝ ወይም ለምታጠባ እናት 2 ስጡ፤ 10 ሆነ። 5ቱን ሽጡ። ጨውና ሳሙናው ከዚያ ይወጣል። ማንም አልተጎዳም።

ዶሮ ከሰው ጋር አይደር

ይህን ክፍል እባካችሁ በደንብ አንብቡት። በኢትዮጵያ ገጠር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ነገር ግን ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ከልጆቹ ቁመት ማነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። የሚድህ ልጅ መሬቱን ይነካል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። የዶሮ ኩስ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ሆዱ ይገባል። ተቅማጥ ባይታይ እንኳ አንጀቱ ይጎዳና የበላው ምግብ አይጠቅመውም። በአንድ እጃችን እንቁላል እየሰጠነው በሌላው እንቀማዋለን ማለት ነው።

ሰው ዶሮውን ቤት የሚያሳድረው ሌባና አውሬ ፈርቶ እንደሆነ አውቃለሁ። መፍትሔው ከግድግዳው ውጭ ተጠግቶ የሚሠራ፣ ቁልፍ ያለው ትንሽ ማደሪያ ነው። ለ5 ዶሮ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ይበቃል። እንጨትና ጭቃ ከደጅ አለ፤ ለመስኮቱ ብቻ ሽቦ ወንፊት ግዙ። ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ውስጡ ቆጥ ይኑረው፣ ጭድ ያለበት አንድ መጣያ ሣጥን አስቀምጡ። ደረቅ አመድና አፈር በአንድ ጥግ ብታደርጉላቸው እየታጠቡበት ቅማላቸውን ይቀንሱበታል። ኩሱን እየጠረጋችሁ ከኮምፖስት ጉድጓድ ጨምሩት፤ ሳይበሰብስ ግን ጎመን ላይ አትበትኑ፣ ተክሉን ያቃጥላል።

ጓሮ ታጠፋለች ለሚለው ደግሞ፦ ዶሮ በአብዛኛው የምትጥለው ጠዋት ነው። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ወይም 5 ሰዓት ድረስ ማደሪያዋ ውስጥ አቆዩአት። እንቁላሉም በየቁጥቋጦው አይጠፋባችሁም፣ የተሰጣውም እህል ይተርፋል። ጎመኑን ግን በእሾህ ወይም በቀርከሃ ማጠር ግድ ነው፤ እሱን አልዋሻችሁም።

መኖና ፈንግል

ደጅ እየዋለች የምትለቅም ዶሮ ከሆነች በቀን አንድ እፍኝ ተጨማሪ መኖ ብታገኝ ልዩነቱን በእንቁላል ታዩታላችሁ። የተከካ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ከተገኘም የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉላት። የጎመን ቅጠል፣ ምስጥ፣ የጠላ አተላ ትወዳለች። የበላችሁትን የእንቁላል ቅርፊት ቆላ አድርጋችሁ ፈጭታችሁ መልሱላት፤ ለሚቀጥለው እንቁላል ቅርፊት ይሆናታል። ውኃ በየቀኑ ንጹሕ ይሁን። ሻጋታ ያለበትን እህል ግን "ለዶሮ ይሁን" ብላችሁ አትስጡ፤ መርዙ እሷንም ይጎዳል።

ፈንግል መድኃኒት የለውም። አረንጓዴ ካስቀመጣት፣ ከደበራት፣ አንገቷ ከተጠመዘዘ አልፏል። ያለው ክትባት ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ከሚገኘው የክትባት ማምረቻ ተቋም የሚወጣ፣ ሙቀትን ከሌላው ይልቅ የሚቋቋም፣ በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ክትባት አለ። በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። እኔ የምመክራችሁ ነሐሴ፣ ኅዳር፣ የካቲት እና ግንቦት ብላችሁ እንድትይዙት ነው፤ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካና ከክረምቱ በፊት ማለት ነው። በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ስለሚዞር በሽታውም አብሮ ይዞራል።

አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተከፈተ በኋላም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። 5 ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ቢመጣ ብልቃጡ ይባክናል። ስለዚህ በጎጥ ተሰባስባችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጥሩ። ለዕድርና ለማኅበር የሚሰበሰብ ሰው ለዶሮ ክትባት መሰብሰብ አያቅተውም። አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ።

ጾሙስ?

ይህን ጥያቄ ሳላነሳ ባልፍ ታዝቡኛላችሁ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት እናቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው፤ "ድስቱ የፍስክ ይሆንብኛል" ነው። ለአንድ ልጅ ብዬ ዕቃ አላስነካም ትላላችሁ፣ ልጁም ሳይጾም ይጾማል። በዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ከ1000 ቀን ላይ 55 ቀን ቀላል አይደለም። ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ ደግሞ አስቡት።

መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለልጁ ብቻ መለየት ነው። ለብቻዋ ትታጠባለች፣ ለብቻዋ ትሰቀላለች። እንቁላሉን ቀቅሎ መላጥ ደግሞ ሌላ ዕቃ አይነካም። ደግሞም በጾም ወቅት ገዢ ስለሚጠፋ የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል። ርካሽ በሆነበት ጊዜ ለልጃችሁ ካላበላችሁት መቼ ልታበሉት ነው? እርጉዝና የምታጠቡ እናቶች ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ ብዙዎቹ አባቶች ጤናችሁን ያስቀድማሉ። ሙስሊም ወገኖቼ፣ የእናንተ ቤት የድስቱ ጉዳይ ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ማስቀጠል ትችላላችሁ።

አሰጣጡን በተመለከተ፦ 6 ወር ከሞላው ጀምሮ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቃችሁ ከገንፎው ጋር ቀላቅሉለት። መጀመሪያ በትንሹ ጀምሩና የሰውነት ሽፍታ ወይም ማስመለስ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ጥሬ እንቁላል ለጉንፋን እየተባለ ለልጅ የሚሰጠው ይቅር፤ ጀርም ሊኖረው ይችላል። "እርጉዝ እንቁላል ከበላች ፅንሱ ይገዝፍና ምጡ ይከብዳታል" የሚባለውም እርጉዟን ያስርባታል እንጂ አያድናትም።

አባወራዎች ሆይ

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ማደሪያውን ሥሩ። በክትባት ቀን ዶሮዎቹን ያዙ። የእንቁላሉን ገንዘብ ግን ለእናቲቱ ተዉላት፤ "ዶሮው በዛ፣ አሁንማ ገንዘቡ የእኔ ነው" ያላችሁ ቀን ዶሮውም ይጠፋል፣ የልጁም እንቁላል ይቀራል። ዶሮ ወጥ በተሠራ ቀንም እንቁላሉ ለእንግዳና ለአባት፣ ክንፉ ለልጅ የሚባለውን እስቲ እንደገና እዩት። እናንተ አድጋችሁ ጨርሳችኋል። እያደገ ያለው እሱ ነው።

ዶሮ የምትወዱ ሁኑ አላልኩም። ሳትወዷትም አምስቷን ያዙ። ለዚህ ሳምንት ገበያ የተቀመጠ እንቁላል ቤታችሁ ካለ ከመውጣቱ በፊት ለትንሹ ልጅ 3 አንሱለት፤ ከዚያ የቀረውን ሽጡት።

በቀበሌያችሁ የክትባት ቀን ለመያዝ ስንት ቤት እንደሆናችሁና ስንት ዶሮ እንዳላችሁ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ፤ የማደሪያውን አሠራር በሥዕል አዘጋጅቼ በሚቀጥለው እለጥፋለሁ። ይህን ጽሑፍ ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ሰላም ሰንብቱ፣ አዝመራችሁ ይባረክ።